መቀርቀሪያው በውጭ በኩል ነበር

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን የማነበው ከኋላ ወደ ፊት ነው። የቆየ ልማዴ ነው። ስለዚህ አስተያየት ገጹ ላይ የምደርሰው ዓይኔ ከደከመ በኋላ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት እዚያ ገጽ ላይ የወጣውን ጽሑፍ ግን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ቆርጬ አስቀመጥኩት። አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ ነው።

ጸሐፊው የጻፉት ስለ አንዲት ሴት ነው። ሴትየዋ በልጅነቷ ቤት ውስጥ የደረሰባትን ነገር በአደባባይ ተናገረች። እሳቸው አላመኗትም። አለማመን መብታቸው ነው። ምክንያታቸው ግን ሦስት ነው። አንደኛ፣ አንድ ቦታ ላይ «የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ» ብላ ሌላ ቦታ ላይ «ዘጠኝ» ብላለች። ሁለተኛ፣ ስታወራ ፈገግ ትላለች፣ እንባ የሚባል ነገር የላትም። ሦስተኛ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ የት ነበረች? ከዚያ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብለው ዘጉት። (ስንት ሌሊት ማደር እንዳለበት ተረቱ አይናገርም።)

እኔ ሴትየዋን አላውቃትም። እውነቷን ይሁን ትዋሽ ማወቂያ የለኝም። ጠበቃዋም አይደለሁም። ብዕር ያስነሳኝ ሌላ ነገር ነው። እነዚያን ሦስት ምክንያቶች በደንብ አውቃቸዋለሁ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ለእህቴ ልጅ አንድ በአንድ ደርድሬላታለሁ። እኔ እንዲያውም አራተኛ ነበረኝ።

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። ጡረታ የወጣሁ አስተርጓሚ ነኝ። ሰዎች ጥገኝነት ሲጠይቁ መሐል ተቀምጬ አሥራ ሰባት ዓመት ቃል አሻግሬያለሁ። ክፍሉ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ መቅጃ መሣሪያ፣ መሐል ላይ ማንም ደፍሮ የማይነካው ፓኬት ሶፍት። ጠያቂው ይጠይቃል። ሰውየው ይመልሳል። እኔ ደግሞ «እኔ» እያልኩ እተረጉማለሁ። አስተርጓሚ «ደበደቡኝ ይላል» አይልም። ሰውየው «ደበደቡኝ» ካለ እሱም «ደበደቡኝ» ነው የሚለው። እንዲህ እያልኩ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ታስሬ፣ ሁለት ጊዜ ሸሽቼ፣ ማታ ቤቴ እገባለሁ።

ሥራው ጆሮ ያሳድጋል። ትዕቢትም ያሳድጋል። ጥቂት ዓመት ከቆየህ በኋላ ውሸት ገና ከሩቁ የሚሸትህ ይመስልሃል። ከባልደረቦቼ ጋር «እኔ እኮ ገና ከበር ሲገባ ነው የማውቀው» እንባባል ነበር። አንድም ቀን ግን ማንም ተመልሶ መጥቶ «ያኔ ውሸታም ያልከው ሰውዬ እውነቱን ነበር» ብሎኝ አያውቅም። ውጤቱም አይነገረንም። ፈተና ተፈትኖ፣ ውጤቱን ሳያይ «አንደኛ ወጣሁ» እያለ የሚያወራ ተማሪ ነበርኩ።

በ2006 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ቻርለስ ቦንድ እና ቤላ ዴፓውሎ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በጉዳዩ ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው ደመሩ። ከ24 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸው ናቸው። ሰው አይቶና ሰምቶ ውሸትን ከእውነት የሚለየው በአማካይ 54 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ሳንቲም ወደ ላይ እየወረወርክ ብትገምት 50 ታገኛለህ። ሥራቸው ሰው መመርመር የሆነ ሰዎችም ከሌላው አልተሻሉም። የኔ አሥራ ሰባት ዓመት እንግዲህ እዚያች አራት ነጥብ ውስጥ ነው ያለው፣ ካለ።

አሁን ወደ እህቴ ልጅ። ይህን የምጽፈው አስነብቤያት፣ ፈቅዳልኝ ነው። ሁለት መስመር አስጠፍታኛለች። የቀረው የሁለታችንም ነው።

አንድ እሑድ ከሰዓት ቤቴ መጣች። ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ልትነሳ እንደምትል ሰው። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነው። እስክጨርስ አታቋርጠኝ» አለችኝ። እሺ አልኩ።

ልጅ ሆና ቤታቸው አንዲት ዘመድ ትኖር ነበር። ዛሬ በሕይወት የለችም። እህቴ ያኔ የማታ ተረኛ ነበረች። እናት ስትወጣ ያቺ ዘመድ ልጅቷን ዕቃ ቤት ታስገባትና ትዘጋባታለች። አንዳንዴ ለአንድ ሰዓት፣ አንዳንዴ እስኪነጋ። «ከውጭ ትቀረቅርብኝ ነበር» አለች። ድምፁን ነገረችኝ። ብረት በብረት ላይ ሲንሸራተት፣ ከዚያ ቀጭ። መብራቱም ማብሪያው ከውጭ ነው። በበሩ ሥር ቀጭን ብርሃን ትገባለች። እዚያች ብርሃን ላይ የጫማ ጥላ ወዲያ ወዲህ ሲል ትቆጥራለች። ወንድሟ በሩን ሲያንኳኳላት ትዝ ይላታል። ከዕቃው መሐል አንድ የተሰበረ ጃንጥላ ነበር። «ስም አውጥቼለት ነበር እኮ» አለችና ሳቀች። የእውነት ሳቅ ነው፣ ጥርሷ እስኪታይ።

ስትጨርስ ዝም አልኩ። ከዚያ በሥራ ቦታ ድምፄ ጀመርኩ።

«ስንት ዓመትሽ ነበር?»

«ስምንት።»

«እሷ እናንተ ጋ የመጣችው እኮ አንቺ አሥር ሊሞላሽ ሲል ነው።»

ዝም።

«ወንድምሽ ነበር አልሽ። ያን ዓመት እኮ እሱ እኔ ጋ ሆኖ ነው የተማረው።»

ዝም።

«ይሄ ሁሉ ሲሆን ለእናትሽ አንድ ቀን እንኳን አልተናገርሽም? እስከ ዛሬ?»

ከዚያ አራተኛውን አመጣሁ። እሱ ነው ዋናው። «የዕቃ ቤቱ በር በውጭ በኩል መቀርቀሪያ ኖሮት አያውቅም። ያን ቤት አውቀዋለሁ። በሮቹን ቀለም የቀባሁት እኔ ነኝ» አልኳት።

አየችኝ። «እሺ ጋሼ» አለች። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ስለ ሳቁም በልቤ አንድ ነገር ብያለሁ፣ አፌ ላይ አላመጣሁትም እንጂ። እውነቱን ልናገርና፣ ስትወጣ የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም። ሥራውን በሚገባ የጨረሰ ሰው የሚሰማው ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ አልተጣላንም። ጥል ቢሆን ይሻል ነበር። ሰው በተሰበሰበበት «ደህና ነህ ጋሼ?» «ደህና ነሽ?» ተባብለን እናልፋለን። አራት ዓመት።

ከዚያ እህቴ ቤቱን ሸጠች። ዕቃ ለማውጣት ሄድኩ። ዕቃ ቤቱ ውስጥ አንድ ትልቅ ቁም ሳጥን አለ፣ በሩ አላሳልፍ አለ። በሩን ከማጠፊያው ነቅለን በጎኑ አቆምነው፣ እኔ ደግፌ ያዝኩት። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ፀሐይዋ በመስኮት አግድም ትገባለች። ፊት ለፊት ብርሃን ሲያርፍበት ቀለም ሁሉን ነገር ይሸፍናል። በጎን ሲመጣ ግን ምንም አይደብቅም። አራት ክብ አየሁ። እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያላቸው፣ ሁለት ከላይ ሁለት ከታች፣ እጀታው አጠገብ። ስቱኮ ሲያረጅ ትንሽ ይሰምጣል። አንዱን በጥፍሬ ጫን አልኩት። ዱቄት ሆኖ ወረደ። ሥሩ የብሎን ቀዳዳ ነው። መቃኑን ዞሬ አየሁ። እዚያም፣ ልክ ትይዩው ላይ፣ ሁለት አሉ።

በውጭ በኩል ነው። ደጋግሜ አየሁት። በውጭ በኩል ነው።

ትዝ ያለኝ ወዲያው አይደለም። ጣቴ ነው ቀድሞ ያወቀው። የስቱኮ ቆርቆሮው ትዝ አለኝ። መለሰኛ ጠፍቶ በጠረጴዛ ቢላ ስለስን። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ስፈትግ፣ አቧራው ጥፍሬ ሥር ሲገባ። እነዚያን ቀዳዳዎች የደፈንኳቸው እኔ ነኝ። ደፍኜ፣ ቀለም ቀብቼ፣ ረስቼ፣ ከዚያ አሥራ ምናምን ዓመት ቆይቼ «ኖሮት አያውቅም» ብዬ መሰከርኩ። ቀለሙን የቀባሁት እኔ መሆኔን ደግሞ ማስረጃ አድርጌ።

አራት ቀዳዳ አንዲት ልጅ መዘጋቷን አይመሰክርም። ይህን አውቃለሁ። ሰው ዕቃ ቤቱን በሌላ በብዙ ምክንያት ከውጭ ሊቀረቅር ይችላል። እኔ ግን የዚያን ዕለት ያልኩት «ላይሆን ይችላል» አይደለም። «የለም» ነው ያልኩት። እሷን ስመረምር ራሴን አልመረመርኩም።

ቤቴ ገብቼ ድሮ በሥልጠና የሰጡንን ወረቀቶች አወጣሁ። አስተርጓሚዎችን አልፎ አልፎ ያሠለጥኑናል። እንፈርማለን፣ ወረቀቱን ቦርሳ ውስጥ እንከታለን፣ አበቃ። ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል አነበብኳቸው። ያላነበብኩትንም ፈልጌ ጨመርኩ።

አንዱ ስለ ቻሌንጀር ነው። የአሜሪካ መንኮራኩር ጥር 28 ቀን 1986 በአየር ላይ ስትጋይ፣ ኡልሪክ ናይሰር የሚባል የስነ ልቦና ምሁር በማግስቱ ጠዋት ለተማሪዎች ወረቀት አደለ። ዜናውን የት ሆናችሁ ሰማችሁ? ከማን? ማን አብሯችሁ ነበር? ሁለት ዓመት ተኩል ቆይቶ ከእነሱ 44ቱን እንደገና ጠየቀ። ሩብ ያህሉ አንዱንም ዋና ነገር አላገኙትም። ቦታውም፣ ሰዓቱም፣ የነገራቸውም ሰው ሌላ ሆኗል። አብዛኞቹ ደግሞ በመልሳቸው እርግጠኞች ነበሩ። በገዛ እጃቸው የጻፉትን ሲያሳዩዋቸው እንኳን የጥንቱ ትዝታ አልተመለሰላቸውም። በሩን ባላየው ኖሮ እኔም ከእነሱ አንዱ ሆኜ እሞት ነበር።

ሌላው ከሥራዬ ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ነው። በ2002 በእንግሊዝ አገር የታተመ ጥናት ነው። ጄን ሄርሊሂ እና ባልደረቦቿ 39 የኮሶቮና የቦስኒያ ስደተኞችን ሁለት ሁለት ጊዜ አነጋገሩ። ሰዎቹ የመኖሪያ ፈቃድ አስቀድመው አግኝተዋል። ስለዚህ የሚዋሹበት ምክንያት የለም። ያው ሰው፣ ያው ታሪክ፣ ከሳምንታትና ከወራት በኋላ ሲነገር ግን ይለያያል። በተለይ ከዋናው ነገር ዳር ዳሩ ላይ ያለው። ጭንቀቱ የበረታባቸው ደግሞ ጊዜው በረዘመ ቁጥር ልዩነቱ ይበዛባቸዋል። እኔ በዚያ ክፍል ስንት ሰው «ባለፈው ሁለት ሳምንት ብለው ነበር፣ አሁን አንድ ወር አሉ፤ የትኛው ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ተርጉሜያለሁ። ጥያቄውን ስተረጉም ድምፄ ውስጥ የነበረችውን ነገር አሁን ሳስባት አፍራለሁ።

«እንዲያ ያለ ቀን እንዴት ይረሳል?» ይላሉ ጸሐፊያችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ እኔም እል ነበር። ቻርለስ ሞርጋን የተባለ ሐኪም በ2004 ያሳተመውን ያንብቡልኝ። ከ500 በላይ የአሜሪካ ወታደሮች በጠላት እጅ ብትወድቁ እንዴት ትሆናላችሁ በሚል ሥልጠና ላይ ናቸው። እንቅልፍ የለም፣ ምግብ የለም። መርማሪው ፊት ለፊታቸው ቁጭ ብሎ፣ በብርሃን፣ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይጠይቃቸዋል። ከአንድ ቀን በኋላ «ከእነዚህ ሰዎች የመረመራችሁ የትኛው ነው?» ሲባሉ፣ ሰዎቹ በአካል ተሰልፈውላቸው እያለ፣ ከባዱ ምርመራ ከደረሰባቸው ውስጥ በትክክል የጠቆሙት ከሦስቱ አንዱ እንኳን አይሞሉም። እነዚህ የሠለጠኑ ወታደሮች ናቸው። ያለፈው ደግሞ አንድ ቀን ነው።

የእህቴ ልጅ ዕድሜዋን ሳተች። ወንድሟንም ከሌላ ቀን፣ ከሌላ በር አምጥታ እዚያ አስገብታው ይሆናል። ምናልባት አንድ ሰው እንዲያንኳኳላት ፈልጋ ነው። ድምፁን ግን አልሳተችም። በየትኛው በኩል እንደነበረም አልሳተችም።

ስለ ፈገግታ ብዙ አልልም። በዚያ ክፍል ውስጥ ስለ እናቱ ሞት ሲያወራ የአውቶቡስ ሰዓት የሚነግር የሚመስል ሰው አይቻለሁ። ስለ ሰዓት ሲጠየቅ ደግሞ ተንሰቅስቆ የሚያለቅስ አይቻለሁ። «ሃያ ዓመት የት ነበረች?» ለሚለውም መልስ ብዙ ነው። ከመልሶቹ አንዱ እኔ ነኝ። ሶፋዬ ላይ ተቀምጣ ነበር።

ይሁን እንጂ ጸሐፊው ባዶ እጃቸውን አልመጡም። በዓለም ላይ የታወቁ አስመሳዮችን ጠቅሰዋል። እዚህ ላይ ልክ ናቸው፣ አልከራከርም። ቢንያሚን ቪልኮሚርስኪ በ1995 የልጅነት ትዝታዬ ነው ብሎ ያሳተመው ታሪክ በናዚ ካምፖች ውስጥ ያለፈ የአይሁድ ሕፃን ታሪክ ነው። ሽልማት አገኘበት። ሰው አለቀሰ። ለካስ ሰውየው ስዊዘርላንድ ተወልዶ እዚያው በማደጎ ያደገ ነው። ስፔናዊው ኤንሪክ ማርኮም አለ። ከናዚ ካምፕ ተርፌያለሁ እያለ የተራፊዎች ማኅበር መሪ እስከ መሆን ደረሰ። በ2005 መጀመሪያ በአገሩ ፓርላማ ቆሞ ሲናገር እንባ የተናነቃቸው ነበሩ። ከጥቂት ወራት በኋላ ውሸት መሆኑ ወጣ። ታኒያ ሄድ ነኝ ያለችው ሴት ደግሞ መስከረም 11 ቀን 2001 በሽብር ከተመቱት የኒውዮርክ መንትያ ሕንፃዎች ከደቡቡ ተቃጥዬ ወጣሁ፣ እጮኛዬም ሞተብኝ አለች። እሷም የተራፊዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነች።

ጸሐፊው ግን አንድ ነገር ዘለሉ። እነዚህ ሰዎች እንዴት ተያዙ? ማንም ፊታቸውን አይቶ አይደለም። ፊታቸውማ ፍጹም ነበር። በትክክለኛው ቦታ ያለቅሳሉ፣ በትክክለኛው ቦታ ዝም ይላሉ። ቪልኮሚርስኪን ያጋለጠው ጋዜጠኛ የሰውየውን የልደትና የልጅነት መዛግብት ነው ፈልጎ ያገኘው፣ በ1998። ማርኮን የያዘው ቤኒቶ ቤርሜሆ የሚባል የታሪክ ተመራማሪ ነው። ሰውየው በ1941 ወደ ጀርመን የሄደው በፈቃደኛ ሠራተኝነት እንጂ ተግዞ እንዳልሆነ ከመዝገብ አገኘ። ታኒያ ሄድ የተያዘችው በ2007 ነው። ጋዜጠኞች ተማርኩበት ያለችው ዩኒቨርሲቲና ሠራሁበት ያለችው ድርጅት ጋ ሲጠይቁ የሚያውቃት ጠፋ። በጸሐፊያችሁ ሦስት መመዘኛ ቢመዘኑ ኖሮ ግን ሦስቱም በክብር ያልፉ ነበር።

በዚያው መመዘኛ ማን ይወድቃል? በ2008 በአሜሪካ ዋሽንግተን ክፍለ ግዛት አንዲት የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ቤቷ የገባ ሰው እንደደፈራት ለፖሊስ ተናገረች። ያሳደጓት ሁለት ሴቶች ሁኔታዋ አልጣማቸውም። በጣም ረጋ ብላለች፣ እንደሚጠበቀው አልሆነችም። አንደኛዋ ጥርጣሬዋን ለፖሊስ ነገረች። ፖሊሶቹም ቃሏ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲለያይ አይተዋል። ወጠሯት። ልጅቷ «ዋሽቻለሁ» አለች። በሐሰት ሪፖርት ተከሰሰች። ጓደኞቿም ራቋት። በ2011 ሌላ ግዛት፣ ኮሎራዶ ውስጥ፣ ሴቶችን በዚሁ መንገድ ሲያጠቃ የነበረ ሰው ተያዘ። ካነሳቸው ፎቶዎች መሐል የእሷም ተገኙ።

ያቺን የጠረጠረች አሳዳጊ ክፉ ሴት አድርጌ ላስባት አልችልም። ትወዳታለች። ታውቃታለች። ቀለሙን የቀባችው እሷ ናት ማለት ነው።

አትጠርጥሩ አልልም። የሚዋሽ ሰው አለ። በሐሰት የሚከሰስ ሰው አለ፣ እሱም ሰው ነው። በስም ተጠቅሶ አንድ ሰው ሲወነጀል ጋዜጣ ሳያጣራ ማተም የለበትም። ግን ማጣራት ማለት ከተራኪዋ ውጭ ያለውን ነገር ማየት ነው። ቤቱ የት ነው? ማን ይኖርበት ነበር? ያኔ ለማን ተናገረች? የጻፈችው፣ የታከመችበት፣ የቀረችበት ትምህርት ቤት መዝገብ አለ? ይህ ሥራ አድካሚ ነው። እግር ይፈልጋል፣ ስልክ ይፈልጋል፣ ብዙ ጊዜም ምንም ሳይገኝ ያልቃል። ፊት ማንበብ ግን ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሆናል። ጸሐፊያችሁ አንድም ስልክ አልደወሉም። ቢደውሉ ይጽፉት ነበር።

የማይጣራም አለ። ያኔ «አላውቅም» ማለት ይቻላል። ዳኛ ያልሆነ ሰው ደግሞ ይህን ለማለት ማንም አይከለክለውም። እኔ ያን እሑድ ማንም ፍርድ ስጥ አላለኝም። ችሎት አልነበረም። «ዕድሜሽ ላይ የተሳሳትሽ ይመስለኛል፤ በሩንም አላስታውሰውም፤ ግን ንገሪኝ» ማለት እችል ነበር። ይህን ለማለት ማመን እንኳን አያስፈልገኝም ነበር።

አንድ ነገር ጨምሬ ልለፍ። በ1943 ያን ካርስኪ የሚባል ፖላንዳዊ የድብቅ ተቃውሞው መልእክተኛ ዋሽንግተን ገብቶ በዓይኑ ያየውን የአይሁዶች እልቂት ለፌሊክስ ፍራንክፈርተር ነገረው። ፍራንክፈርተር የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ነው፣ ራሱም አይሁዳዊ ነው። ሰምቶ ሲጨርስ ማመን እንደማይችል ተናገረ። አብሮ የነበረው የፖላንድ አምባሳደር ተቆጣ። ዳኛው ግን ይዋሻል አላልኩም፣ ማመን አልችልም ነው ያልኩት አለ። ስለዚህ ሰው ሁሉም የሚያወራው በወቀሳ ነው። እኔ ግን አንድ ነገር አደንቅለታለሁ። ችግሩ ያለው ከማን ዘንድ እንደሆነ ለይቶ ተናግሯል። እኔ ችግሩን የኔ አላደረግኩትም። እሷ ላይ ነው የጫንኩት።

በሩን ካየሁ ከሁለት ቀን በኋላ ደወልኩላት። ቤቷ ሄድኩ። ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት፣ ፀሐይዋን፣ ስቱኮውን፣ ቢላውን። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። ወይ ትቆጣለች። ወይ ደግሞ፣ ይቅር ይበለኝ፣ ታመሰግነኛለች ብዬ ነበር። ምንም አላለች። ጥፍሯን እያየች ቆየችና «አራት?» አለች።

«አራት በሩ ላይ፣ ሁለት መቃኑ ላይ።»

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ማን ነው ድፈናቸው ያለህ?»

ይህን ጥያቄ አላሰብኩትም ነበር። በአሥራ ሰባት ዓመት ሥራዬ ይህን የሚያህል ጥያቄ የጠየቀ መርማሪ አላጋጠመኝም። መቀርቀሪያውን አንድ ሰው ነቅሎታል። አንድ ሰው በሩ እንደ ድሮው እንዲሆን ፈልጓል። ያ ሰው አጠገቤ ቆሞ ቀዳዳዎቹን አሳይቶኛል፣ ወይ ደግሞ ራሴ አይቼ ደፍኛቸዋለሁ። ያቺ ዘመድ ትሆን? እህቴ ትሆን? እህቴን ጠየቅኳት፣ «ምን መቀርቀሪያ?» አለችኝ።

«አላስታውስም» አልኳት ለልጅቷ።

አምስት ዓመት ሆነ፣ እስካሁን አላስታውስም። ቆርቆሮው ትዝ ይለኛል፣ ክዳኑ ታጥፎ ነበር። ቢላው ትዝ ይለኛል። ማን እንደቆመ ግን የለም።

«እሺ ጋሼ» አለች። አመነችኝ አላመነችኝ አላውቅም።

አክባሪያችሁ፣
ጡረታ የወጣ አስተርጓሚ